የጋሽ እንድሪስ የምልክት ደብተር

ባለፈው ወር ፒያሳ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ የልጄን ሱሪ ላሳጥር ገብቼ ነበር። ሰውየው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የስፌት መኪናውን ዘይት አጠጣ፤ ቀጥሎ ላምባ የነካ ጨርቅ አነሣና ዝገት የጀማመረውን መቀስ ጠረገ። የስፌት መኪና ዘይትና ላምባ፣ ከሥራቸው ደግሞ የእርጥብ ብረት ሽታ። "እመቤት፣ ስንት ጣት ልቀንሰው?" ብሎ ሁለቴ ሳይጠይቀኝ አልቀረም። እኔ ዶሮ ማነቂያ ነበርኩ። ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ጭኔ ላይ ከእኔ ቁመት ብዙም የማያንስ ጎራዴ ተጋድሟል።

ሰፈሩ ዛሬ ፈርሷል። ስለ ሰፈሩ የሚያወሩ ብዙ ሰዎች አሉ፤ እኔ የማወራው ስለ አንድ ክረምትና ስለ አንድ ሰው ነው።

ወደ ዶሮ ማነቂያ የገባነው በዚያው ዓመት ነበር፤ እናቴና እኔ፣ ሁለታችን ብቻ። እናቴ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ካልሲና ጃንጥላ ትሸጣለች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔን የት እንደምታደርገኝ ጨነቃት። ይዛኝ እንዳትሄድ መንገዱ ሰውና ታክሲ የሚጋፋበት ነው፤ ቆልፋብኝ እንዳትሄድ አንጀቷ አልቻለም። አንድ ቀን ጠዋት እጄን ይዛ ግድግዳ ወደምንጋራቸው ጎረቤታችን ወሰደችኝ።

"ጋሽ እንድሪስ፣ ይህቺን ልጅ እስከ ማታ እርስዎ ዘንድ ላቆያት? አታስቸግርም።"

"ማንበብ ትችላለች?" አሉ ከውስጥ።

"ከክፍሏ አራተኛ ነው የወጣችው።"

"እንግዲያው እሷ እኔን ታቆየኝ። ግቢ ልጄ። ደፉ ላይ ያለውን እንዳትረግጪ፣ ይቆርጣል።"

ደፉ ላይ የነበረው ሾተል ነው። እኔ ግን የአጨዳ ማጭድ መስሎኝ ተሻገርኩት።

የሰፈሩ ልጆች ስለ ጋሽ እንድሪስ አስቀድመው ነግረውኝ ነበር። ቤታቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው እያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ሟች አለው፤ ሰውየው ያልገደሉበት አገር የለም። ስለዚህ ገብቼ መጀመሪያ ያደረግኩት መቁጠር ነው። ቀጥ ያለ፣ የጎበጠ፣ እንደ እባብ የተጥመለመለ፣ አጭር፣ ረጅም፤ ከአልጋው ራስጌ እስከ በሩ ጀርባ ድረስ። ስልሳ ሦስት ሆኑ። ሦስት ቀን ሙሉ ጀርባዬን ሳልሰጣቸው ዋልኩ። በአራተኛው ቀን አልቻልኩም።

"ጋሽ እንድሪስ፣ ስልሳ ሦስቱን ሰዎች የት ቀበሯቸው?"

መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ሳል እስኪያጣድፋቸው ሳቁ።

"እኔ? ወላሂ ልጄ፣ ዶሮ ማነቂያ አርባ ዓመት ስኖር አንዲት ዶሮ አርጄ አላውቅም! ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ በዓል በመጣ ቁጥር ጎረቤት ነበር የምትጠራው። ደም ሳይ ጉልበቴ ይከዳኛል።"

"ታዲያ ይህ ሁሉ?"

"እነዚህማ ጡረታ የወጡ ናቸው። እንደ እኔ።"

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጋሽ እንድሪስ ከወሎ በልጅነታቸው መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ፒያሳ ወርቅ ቤት ውስጥ በብር ሠሪነት ኖረዋል። ሰዎች ከአባት ከአያት የወረሱትን ጎራዴ ይዘው ይመጣሉ፤ ከሰገባውና ከእጀታው ላይ ብሩ ይፈለቀቃል፣ ይቀልጣል፣ ቀለበትና ጉትቻ ይሆናል። ብረቱ ጥግ ላይ ይጣላል።

"ብሩን ያቀለጥኩት በእነዚህ እጆቼ ነው" አሉኝ። "መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም። አንድ ቀን የተጣለውን ብረት ሳገላብጥ ላዩ ላይ የተቀረጸ ምልክት አየሁ። ሰው ነው የሠራው፤ ሰው ነው የተሸከመው። ማን እንደሆነ ሳልጠይቀው እንዴት ይጣላል?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ የተጣለውን ብረት ወደ ቤታቸው ይወስዱት ጀመር። ወሬው ሲሰማ ሌላውም መጣላቸው። ሱቁን ዘግቶ ወደ አገሩ የተመለሰ የየመን ነጋዴ ወገቡ ላይ ይታጠቀው የነበረውን ጠማማ ጩቤ ትቶላቸው ሄደ። ከሱዳን የመጣ ቀጥ ያለ ሰይፍ አለ፤ የአፋር ጊሌ አለ፤ የጣሊያን ሳንጃ አለ፤ ከህንድ የመጣ፣ ብረቱ እንደ ተፈለጠ እንጨት መስመር መስመር ያለው። ያ የእባቡ ቅርጽ ደግሞ የጃቫ ነው፤ አንድ ሐጃጅ መካ ላይ ከሌላ ሐጃጅ በስጦታ ያገኘው። እኔ ሲቀልጥ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጥባቸው ግን ደብተሩ ነው። ጠንካራ ጥቁር ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተር። ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ገጽ አለው። ስስ ወረቀት ምልክቱ ላይ ያስቀምጡና በእርሳስ ቀስ አድርገው ያሹታል፤ ብረቱ ላይ ያለው ወረቀቱ ላይ ይወጣል። "ምልክት ማንሣት" ይሉታል። ወረቀቱ ገጹ ላይ ይለጠፋል፤ ከሥሩ የየት አገር እንደሆነ፣ በምን እንደታወቀ፣ ማን እንዳመጣው ይጻፋል። ያልታወቀ ከሆነ ደግሞ "አላውቅም" ይላል፤ ዓመት እየጨመረ ከታወቀ "አሁን ዐወቅሁ" ተብሎ ይታከልበታል። ግማሾቹ ገጾች "አላውቅም" የሚሉ ነበሩ። ያን ቃል እንዲህ አሳምሮ የጻፈ ሰው ከዚያም ወዲህ አላየሁም።

ችግሩ ዐይናቸው ነው። ሁለቱንም ሞራ ጋርዶታል። ሆስፒታል ተመዝግበው ተራ ይጠብቃሉ፤ እስከዚያው ብርሃንና ጥላ፣ ትልቅና ትንሽ ከመለየት በቀር አያዩም። ደብተሩ ሁለት ዓመት ተዘግቶ ከርሟል፤ ያልተመዘገቡ ብረቶች አልጋው ሥር ተከማችተዋል።

"እጄ አለ፤ ዐይን የለኝም" አሉኝ። "አንቺ ደግሞ ዐይን አለሽ፤ እጅሽ ገና ነው። ይበቃናል።"

ትምህርቱ በጆሮ ጀመረ። ብረቱን በሁለት ጣት አንጠልጥለው በጥፍራቸው ጫፍ ይመቱታል። ጤነኛው ይዘምራል፤ የተሰበረና የተጠገነው እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ ያፍናል። ቀጥሎ በእጅ፦ ሚዛኑ ወደ ጫፍ ካደላ ለመቁረጥ ነው፤ ወደ እጅ ካደላ ለመውጋት። ሾተሉ የጎበጠው የባላጋራውን ጋሻ ዞሮ ጀርባውን እንዲያገኝ እንደሆነ ትራስ አስይዘው አሳዩኝ፤ ያን ቀን ማጭዱን ተሰናበትኩት። ዐይን የሚያስፈልገው መጨረሻ ላይ ነው።

"ምን ይታይሻል?"

"ጨረቃ። ፊት ያላት። አፍንጫም አላት።"

"የአፍንጫዋ መስመር ጥርት ያለ ነው ወይስ የተንሻፈፈ?"

"የተንሻፈፈ።"

"እንግዲያው ጨረቃዋን የመታት የሱዳን ቀጥቃጭ ነው። የፈረንጅ ሰይፍ ላይ ያያትን ቀዳት። ጻፊ።"

አንድ ጊዜ የቱርክ ጩቤ ሰጥተውኝ ስለቱ ላይ ያለውን ሲጠይቁኝ "ጉንዳኖች ተሰልፈዋል" አልኳቸው። እንዳለ ቅጂው አሉኝ፤ እኔም ጉንዳኖቹን ከግራ ወደ ቀኝ እያስከተልኩ በትልቁ ሣልኩላቸው። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣ አፍንጫቸውን አስነክተው ሲያዩ ቆዩና ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። "ጉንዳኖቹ ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚሄዱት፤ ግን ደርሰዋል" አሉ። "በዐረብኛ ቢስሚላህ ነው የሚሉት።"

ማታ ማታ እናቴ ስትመጣ፣ "ዛሬ ምን ሠራሽ?" ትለኛለች። "የህንድ ሰይፍ" እላታለሁ። እንደ እሱ ያለ ኩራት ዩኒቨርሲቲ ስመረቅም አልተሰማኝም።

ነሐሴ ላይ አንዲት ሴት መጣች። ወይዘሮ አስካለ ትባላለች፤ ሠራተኛ ሰፈር ነው ቤቷ። አባቷ ከሞቱ ዓመት አልሞላቸውም። በነጠላ የተጠቀለለ ጎራዴ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፤ ሰገባው በብር የተለበጠ ነው።

"አባቴ 'ከቤተ መንግሥት የተሰጠኝ ነው፤ ላዩ ላይ አንበሳ አለው' ይለን ነበር" አለች። "ወንድሜ ይስቃል። የሽማግሌ ወሬ ነው፣ ብሩን አስፈልቅቀን እንሽጠው ይለኛል። አንበሳው ካለ ግን አይሸጥም፤ ቃሉን ሰጥቶኛል። ጋሽ እንድሪስ፣ እርስዎ ያውቃሉ ብለውኝ ነው።"

ጋሽ እንድሪስ ጎራዴውን መዘዙት። በጥፍራቸው መቱት፤ ሚዛኑን ለኩት፤ ፊታቸው ትንሽ ኮሰተር አለ። ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ።

"እስቲ እጀታው አጠገብ እይ። አንበሳ አለ?"

ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። እጀታው አጠገብ እንደ ቅርፊት የደረቀ ጥቁር ዝገት ነው ያለው። ሌላ ምንም የለም። ቀና ስል ወይዘሮ አስካለ ታየኛለች። እጆቿን አቆላልፋ፣ ከንፈሯን ነክሳ። እኔም አባቴን የማውቀው በወሬ ብቻ ነበር፤ እናቴ የነገረችኝን አንድ ሰው ተነሥቶ ውሸት ነው ቢለኝ ምን እንደምሆን ዐውቃለሁ።

"አለ" አልኩ። "አንበሳ አለ።"

"ጥርት ያለ ነው?"

"ጥርት ያለ ነው።"

"እጄ ሌላ ነበር የሚለኝ" አሉ ጋሽ እንድሪስ ቀስ ብለው። "ግን ዐይኔ አንቺ ነሽ። አየሁ ካልሽ አለ። አንሺው።"

ጀርባዬን ሰጥቻቸው፣ ኪሴ ውስጥ የነበረችውን ስሙኒ አወጣሁና በጎራዴው ላይ አስቀመጥኳት። ስሱን ወረቀት ደረብኩ፤ በእርሳስ አሸሁት። የስሙኒዋ አንበሳ ጎፈሩን ዘርግቶ ወጣ።

ወይዘሮ አስካለ ወረቀቱን ስታይ እልል ማለት ቃጣት፤ አለቀሰችም። ጋሽ እንድሪስ፣ "እንዲህ ከሆነ ለቤተ መንግሥት ታዝዞ የመጣ ነው" አሏት። ግንባሬን ስማኝ ሄደች። እኔም ወረቀቱን ደብተሩ ላይ ለጠፍኩት።

ለሁለት ቀን ያህል ጥሩ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሆስፒታል ሰው ላኩባቸው፤ ተራቸው ደርሷል፤ የሚመጣው ሰኞ የዐይናቸው ሞራ ይገፈፋል። ጋሽ እንድሪስ እንደ ልጅ ሆኑ። "መጀመሪያ የማየው ደብተሩን ነው! ከአንደኛው ገጽ እስከ መጨረሻው!"

የዚያን ዕለት እናቴ ሻማ ልትለኩስ አራዳ ጊዮርጊስ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ግንቡን ተሳለምኩና ማንም የማይሰማውን ልመና ለመንኩ፤ የጋሽ እንድሪስ ዐይን እንዳይድን። ቀና ስል የጊዮርጊስን ሥዕል አየሁ፤ ጦሩ ወደ እኔ የዞረ መሰለኝ። እየሮጥኩ ወጣሁ።

ዓርብ ቀን ጋሽ እንድሪስ ከጁምዓ ሲመለሱ ደፉ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ አገኙኝ።

"ሰናይት ነሽ? ምን ሆነሻል?"

"የወይዘሮ አስካለ አንበሳ የለም።"

"ወዴት ሄደ?"

"ድሮም አልነበረም። ስሙኒ ነው።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ልመናዬንም ሳይቀር። ከዚያ ገብተው ካፖርታቸውንና ጃንጥላቸውን አመጡ።

"ተነሺ። መንገዱን እኔ ዐውቃለሁ፤ ጉድጓዱን አንቺ ታሳይኛለሽ።"

እጃቸው ትከሻዬ ላይ ሆኖ በካፊያ ውስጥ ተጓዝን። አለመቆጣታቸው ከቁጣ ባሰብኝ።

"ጋሽ እንድሪስ፣ ይምቱኝ በቃ።"

"ብመታሽ ይቀልሻል። ስለዚህ አልመታሽም።"

ወይዘሮ አስካለ በደስታ ተቀበለችን። ጎራዴው ሳሎኑ ውስጥ፣ ከአባቷ ፎቶግራፍ በታች ተሰቅሏል። ወንድሟ ታፈሰ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ነበር። ጋሽ እንድሪስ ሳይቀመጡ፣ "ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት" አሉ። "የነገርኩዎት ነገር ልክ አልነበረም። ተሳስቻለሁ።"

ሌላ ምንም አልጨመሩም። ስሜን አልጠሩም። እኔ ግን ያንን መሸከም አልቻልኩም።

"እሳቸው አይደሉም! እኔ ነኝ የዋሸሁት! አንበሳ የለውም፤ ስሙኒ ነው ያሸሁት!"

ታፈሰ ሳቀ። "አላልኩሽም?" አላት እኅቱን። ወይዘሮ አስካለ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

"ለምን ልጄ? ምን አድርጌሽ?"

"እንዳያለቅሱ ብዬ" አልኩ። እሷም ማልቀስ ጀመረች።

ጋሽ እንድሪስ እጃቸውን ዘረጉ። "ጎራዴውን ስጡኝ። ያን ቀን ዝገቱ ሳይጠረግ ነው የፈረድኩት፤ ያ የእኔ ጥፋት ነው። ላምባና ጨርቅ አይጠፋም?"

ግማሽ ሰዓት ያህል ጠረግን። ጥቁሩ ቅርፊት እየተላቀቀ ሲሄድ፣ ከሥሩ ከጥፍር ብዙም የማይበልጥ፣ በጥቂት ጭረት የተሠራ ነገር ብቅ አለ።

"ምን ይታይሻል?"

አፌን መክፈት ፈራሁ።

"ያየሽውን ተናገሪ። የታየሽን ብቻ።"

"ሕፃን የሣለው ውሻ ይመስላል። ወይም በግ። እግሩ ሦስት ነው፤ አራተኛው የለም።"

ፊታቸው በራ። "ተኩላ ነው። የጀርመን አገር ሰይፍ ሠሪዎች ከጥንት ጀምሮ የሚጭሩት ምልክት ነው። ሌሎችም ይቀዱታል፤ ስለዚህ የጀርመን ነው ብዬ አልምልም። ከሩቅ እንደመጣ ግን አልጠራጠርም።" ጣታቸው በስለቱ ላይ ወረደና መሃል ላይ ቆመ። "እዚህ ጋ ተሰብሮ ነበር። ያገራችን ቀጥቃጭ ነው የገጠመው። ጎበዝ ቀጥቃጭ።"

ከዚያ እጀታውን ያዙ። ጥቁር ቀንድ ነው። በቀኝ እጃቸው ያዙት፤ ወደ ግራ አዛወሩት፤ እንደገና ወደ ቀኝ መለሱት። በመጨረሻ በግራ እጃቸው ጨበጡትና አውራ ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ገብታ አረፈች።

"ወይዘሮ አስካለ፣ አባትዎ ግራኝ ነበሩ?"

ሴትዮዋ እንባዋን ሳትጠርግ ቀና አለች። "ማን ነገረዎት?"

"ቀንዱ። አውራ ጣት ያረፈበት ቦታ ጎድጉዷል፤ በቀኝ ሲይዙት አይገጥምም። ከቤተ መንግሥት ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ይህን ያህል ግን ዐውቃለሁ፤ ይህ ግድግዳ ላይ የኖረ ጌጥ አይደለም። አንድ ግራኝ ሰው ቀንዱ እስኪጎደጉድ ድረስ ይዞታል። ሲሰበር አልጣለውም፤ አስጠግኖ ይዞታል።"

ታፈሰ ከሶፋው ተነሥቶ መጣ። እጀታውን በግራ እጁ ተቀበለና አውራ ጣቱን ጉድጓዱ ውስጥ አስገባ።

"በግራው ነበር በጥፊ የሚለኝ" አለ። "ቀኙን ስጠብቅ በግራው።"

ወይዘሮ አስካለ እያለቀሰች ሳቀች። ስለ ብሩ ያነሣ ሰው አልነበረም። ስንወጣ ግንባሬን ትስመኛለች ብዬ አልጠበቅኩም ነበር፤ ግን ሳመችኝ።

ቤት ስንደርስ ደብተሩን አውጥቼ የአንበሳውን ገጽ ልቀድ ስል ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ሰሙኝ።

"አይቀደድም! ስሕተትም ይመዘገባል። ከሥሩ ጻፊበት።"

"ይህ አንበሳ የስሙኒ ነው። ውሸቱ የሰናይት ነው" ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ፤ ቀኑንም አስጻፉኝ። በሚቀጥለው ገጽ ላይ ተኩላው፣ ጥገናው፣ ግራኙ ሰውዬ ተመዘገቡ፤ መጨረሻው ላይ ስለ ቤተ መንግሥቱ፣ "አላውቅም።"

"አሁን" አሉ ደብተሩን ዘግተው፣ "ያንን የጊዮርጊስን ነገር ሄደሽ አስተካክይው። በአላህ በኩል ያለውን እኔ እጨርሳለሁ።"

ዝናቡ እስኪያባራ ሳልጠብቅ እናቴ ዘንድ ሮጥኩ፤ ይዛኝ ሄደች፤ አስተካከልኩት።

ሰኞ ሄዱ። ረቡዕ ጨርቁ ከዐይናቸው ተነሥቶ ተመለሱ። እናቴና እኔ በሩ ላይ ቆመን ነበር። የግድግዳውን ብረቶች አንድ በአንድ አዩ፤ እናቴን አዩ፤ ከኋላዬ ያለውን መንገድ ቃኙ።

"ሰናይት የት አለች?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሽ እንድሪስ።"

ዝቅ ብለው አዩኝ። ሰፈሩ ውስጥ ስንገባ ሞራው አስቀድሞ ዐይናቸውን ጋርዶት ስለነበር፣ እኔ ለእሳቸው ድምፅ ብቻ ነበርኩ።

"አንቺ?" አሉ። "ትልቅ ልጅ መስለሽኝ እኮ ነው! ያን ሁሉ ብረት ያሸከምኩት ይህችን ጭብጦ ነው?" ወደ እናቴ ዞረው፣ "ወላሂ፣ ባውቅ ኖሮ አላደርገውም ነበር፤ አውፍ በይኝ" አሏት። እናቴ ከት ብላ ሳቀች። እኔ ግን ደነገጥኩ። ትንሽ መሆኔ ታወቀ፤ ከእንግዲህ ሂጂና ተጫወቺ እባላለሁ ብዬ ፈራሁ።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዴ ሄድኩ። አዲስ መነጽራቸውን አድርገው፣ አልጋው ሥር ከቀሩት ብረቶች አንዱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ ደብተሩን ባዶ ገጽ ላይ ከፍተው ይጠብቁኝ ነበር። እኔን የሚያምነኝ ሰው እንዳለ ያወቅሁበት ጠዋት ያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ላገኘሁት መልካም ነገር ሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው እሳቸውን ነው። ከጎናቸው ያለውን በርጩማ በእግራቸው ወደ እኔ ሳቡልኝ።

"እኔ ገና አላየሁትም" አሉ። "በይ፣ ምን ይታይሻል?"